መስሎ እና መስሎት

ነገሩን ያመጣችው አንዲት ቃል ናት። የአንድ እንግሊዝኛ ፊልም ንግግር ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ሚስት ከባሏ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትጠይቀዋለች፦ ይህን «ሻራድ» እስከ መቼ ነው የምንቀጥለው? ሌላው ንግግር በግማሽ ቀን አለቀ፤ ይህቺ ግን ቀርታ ቀርታ ሳምንት ሞላት። «ይህን ድራማ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ብዙ ተርጓሚ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ግን ባልየው ድራማ አልሠራም። አልጮኸም፣ አላለቀሰም፣ በር አልደበደበም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፈገግ ብሎ ሚስቱን «ውዴ» ከማለት በቀር ያጠፋው ነገር የለም።

መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ለሻራድ ሁለት ፍቺ ይሰጣል። አንደኛው የጨዋታ ስም ነው፦ አንዱ አፉን ዘግቶ በእንቅስቃሴ ያሳያል፣ ሌሎቹ ይገምታሉ። ሁለተኛው ማንም የማያምንበት ግን ሁሉም የሚያስቀጥለው ማስመሰል ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ግቢ ተከራይተው ሰላምታ እንደማይለዋወጡ ጎረቤቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የግምት ጨዋታ እንዴት ሆኖ የማስመሰል ስም ሆነ? አማርኛስ ሁለቱን በአንድ ቃል የሚይዝበት ቦታ አለው ወይ? ሳምንቱን የበላው ይህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያዬ፣ ሁለተኛዬ፣ ሁለመናዬ

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ። ከዚያ ወደ ኋላ ሲሄዱ ምንጩ የደቡብ ፈረንሳይ ቋንቋ እንደሆነ ይታመናል፤ እዚያ ትርጉሙ ወሬ፣ ጭውውት ማለት ነበር። የሚገርመው በመጀመሪያ ዘመኑ ትወና የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሻራድ በወረቀት የሚጻፍ ወይም በቃል የሚነገር፣ ቃልን ከወገቡ ቆርጦ የሚጠይቅ የቃላት እንቆቅልሽ ነበር። አቀራረቡም የታወቀ ነው፦ «መጀመሪያዬ እንዲህ ነው፣ ሁለተኛዬ እንዲህ ነው፣ ሁለመናዬ ደግሞ እንዲህ።»

በአማርኛ ቢሠራ ምን ይመስላል?

መጀመሪያዬ ቤት ይዘጋል፣
ሁለተኛዬ ማሳ ያርሳል፣
ሁለመናዬ ወጥ ያቀላል።

በር፣ በሬ፣ በርበሬ። ይህ ለጀማሪ ነው። ከበድ ያለውን ለሚፈልግ ደግሞ፦

መጀመሪያዬ በጋን ይጠመቃል፣
ሁለተኛዬ ውሃን ወደ ሰማይ ይወስዳል፣
ሁለመናዬ ጎረቤት ያራርቃል።

ጠላ፣ ትነት፣ ጠላትነት። ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ቃሉ በእውነት የሚከፈለው «ጠላት» እና «ነት» ተብሎ እንደሆነ ይነግረናል፤ ልክ ነው። የእንቆቅልሹ ጣዕም ግን እዚያው ላይ ነው፣ ቢላዋው ያላሰቡበት ቦታ ላይ ማረፉ። በተጨማሪም መጠጡ «ጠላ» ሲባል «ላ» ጠብቃ ትነበባለች፤ «ጠላት» ውስጥ ግን ትላላለች። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አፍ ላይ ሲመጡ ይለያያሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለው የአማርኛ ሻራድ በጽሑፍ ሲገጥም በድምፅ አይገጥምም። ቅኔ የቆጠረ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ሰሙን ከወርቁ ለማጣበቅ ቃልን መቁረጥና መቀጠል የኖረ ጥበብ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ይህን የወረቀት ጨዋታ ከመቀመጫው አስነሡት። ክፍለ ቃሉን በግጥም ከመግለጽ ይልቅ እንደ ትዕይንት መሥራት ጀመሩ። በ1847 እ.አ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ «ጄን ኤር» ውስጥ የዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። እንግዶቹ መጋረጃ ዘርግተው መጀመሪያ የሠርግ ሥነ ሥርዓት ያሳያሉ፤ ቀጥሎ በውሃ ጉድጓድ አጠገብ ያለች ሴት፤ በመጨረሻ በሰንሰለት የታሰረ ሰው። የእንግሊዝኛው «ሙሽራ» እና «ጉድጓድ» ሲጋጠሙ «ብራይድዌል» ይሆናሉ፣ የታወቀ የለንደን እስር ቤት ስም። ሦስቱም ትዕይንት ያለ ንግግር ነው የታየው፤ ተመልካቹም ተንሾካሽኮ ተመካክሮ ነው የሚመልሰው።

ቃሉ የታጠፈው እዚህ ላይ ነው። ሻራድ በወረቀት ብቻ ኖሮ ቢሆን «ማስመሰል» የሚለውን ፍቺ አያገኝም ነበር፤ እንቆቅልሽ ማንንም አስመሳይ አያሰኝም። ሰው ልብስ ቀይሮ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ያልሆነውን ሆኖ ሲቆም ግን ተመልካቹ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያያል፦ የታሰረውን ሰውና፣ ታሳሪውን የሚጫወተውን የቤቱን ጌታ። ውሸት መሆኑን እያወቀ ይመለከታል። ይህ «እያወቁ መመልከት» ነው ቆይቶ ከሳሎን ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ምርጫና ወደ ትዳር የተዛወረው።

ለተርጓሚ የሚጠቅሙ ሁለት ሦስት ነገሮች እግረ መንገዴን ልጣል። በእንግሊዝኛ ጨዋታው ብዙ ጊዜ በብዙ ቁጥር ነው የሚጠራው፣ «ሻራድስ»፤ ማስመሰሉ ደግሞ በነጠላ። መጨረሻው ላይ «ስ» ካለች ጨዋታውን፣ ከሌለች ማስመሰሉን መጠርጠር ያዋጣል። ብሪታንያዊው «ሻራድ» ሲል አሜሪካዊው «ሸሬድ» ይላል፤ በጆሮ ለሚተረጉም ሰው ሁለት የተለያዩ ቃላት ሊመስሉት ይችላሉ። ፈረንሳይኛ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ዛሬም በዋናነት የቃል እንቆቅልሹ ስም ነው። ፈረንሳዊ ማስመሰልን ሲኮንን «ማስካራድ» ወይም «ኮሜዲ» ይላል እንጂ ሻራድ ማለት አይቀናውም። ከፈረንሳይኛ የሚተረጉም ሰው ሻራድን ባየ ቁጥር «የይስሙላ» ካለ ጨዋታውን ወንጀል አደረገው።

አፍ ሲዘጋ

ዛሬ በየቤቱ የሚጫወቱት ሻራድ ክፍለ ቃሉን ወደ ኋላ ትቶ ሙሉ ሐረግ ነው የሚያስገምተው። በአማርኛ ሲጫወቱት ግን ከእንግሊዝኛ የተወረሱት ምልክቶች አንዳንዶቹ ይሰናከላሉ፤ የት የት እንደሆነ ማወቁ ከንቱ ጭቅጭቅ ያድናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ቡድን፣ በየቡድኑ ከ3 እስከ 5 ሰው። እያንዳንዱ ቡድን ለተቃራኒው ወደ 10 ወረቀት ጽፎ ያጥፋል። ተራው የደረሰው አንዱን አውጥቶ ያነብባል፣ ለራሱ ቡድን ያለ ድምፅ ያሳያል፤ ሰዓት ያዡ 2 ደቂቃ ይቆጥራል። ከንፈር ማንቀሳቀስ አይፈቀድም፣ በአየር ላይ ፊደል መጻፍም እንዲሁ። በክፍሉ ውስጥ ባለ ዕቃ መጠቆም ይፈቀድ አይፈቀድ ከመጀመሪያው መስማማት ነው፤ ሳይስማሙ ከጀመሩ አምስተኛው ወረቀት ላይ ጠብ አለ።

መጀመሪያ ዓይነቱ ይነገራል። ሁለት መዳፍ ገጥሞ መክፈት መጽሐፍ ነው፣ በአንድ ዓይን አጮልቆ እጅን እንደ ድሮ ካሜራ ማሽከርከር ፊልም፣ አፍ ከፍቶ እጅ መዘርጋት ዘፈን። ቀጥሎ ጣት ይነሣል፦ የጣቱ ቁጥር የቃላቱ ቁጥር ነው። ዳግመኛ የሚነሣው ጣት «አሁን የማሳየው ስንተኛውን ቃል ነው» የሚለውን ይነግራል። ጣቶችን ክንድ ላይ ማሳረፍ ደግሞ የክፍለ ቃል ቁጥር ነው።

የአማርኛው ችግር የሚጀምረው ከክንዱ ነው። «በርበሬ» ስንት ነው? ፊደል ለሚቆጥር 4፣ ድምፅ ለሚሰማ 3። ተዋናዩ 4 ጣት ክንዱ ላይ አሳርፎ ቡድኑ ባለ 4 ክፍለ ቃል ሲፈልግ ሁለቱ ደቂቃ ያልቃል። መፍትሔው ከጨዋታው በፊት «የምንቆጥረው ፊደል ነው» ብሎ መወሰን ብቻ ነው፤ ፊደል የተማረ ሁሉ የሚያየው የተጻፈውን ስለሆነ እሱ ይሻላል።

ሁለተኛው ጆሮ መሳብ ነው። በእንግሊዝኛው «ድምፁ እንዲህ የሚመስል» ማለት ነው፤ በእኛ «ቤት የሚመታ» ብንለው ይቀላል። «ጸጋ»ን ሠርቶ ማሳየት የሚችል ሰው የለም፤ ጆሮን ስቦ አልጋ ላይ መተኛትን ግን ማንም ይችላል። ከዚህ የበለጠ የሚያዋጣው ደግሞ በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለያዩ ጥንዶችን መጠቀም ነው። «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ጆሮውን ስቦ ቢዋኝ ጨርሷል። «ገና» የሚለውን የጊዜ ቃል የሚያሳይ በዓሉን ያሳይ። ቡድኑ ጠበቅ ላላ እያደረገ እስኪሞክር ድረስ ያንኑ መደጋገም ነው።

ሦስተኛው ትንንሽ ቃላት ናቸው። እንግሊዝኛ ለብቻቸው የሚቆሙ ደቃቅ ቃላት ስላሉት ሁለት ጣት አቀራርቦ «ትንሽ ቃል» የማለት ምልክት አለው። በእኛ እነዚያ ደቃቆች ከቃሉ ጋር ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። «አልመጣችም» አንድ ቃል ነው፣ ግን ውስጡ መምጣት አለ፣ እሷ አለች፣ እምቢታም አለ። ስለዚህ ዋናውን ድርጊት ብቻ አሳይቶ «መጣ» እስኪባል መጠበቅ፣ ከዚያ ራስን መነቅነቅ፣ ከዚያ ወደ አንዲት ሴት መጠቆም። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ለማሳየት የሚሞክር ተዋናይ ቡድኑን ግራ ያጋባል።

ለወረቀቱ ከሁሉ የሚስማማው ተረትና ምሳሌ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግማሹ ሲገኝ ሌላው ራሱ ይወጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» 4 ቃል ነው። ልምድ የሌለው ከ«ድር» ይጀምራል፣ ጣቱን እያርገበገበ አንድ ደቂቃ ያቃጥላል፤ ዝናብ፣ ፀጉር፣ ማሽላ ሲሉት ይበሳጫል። ልምድ ያለው 3 ጣት አንሥቶ ጎፈሩን አበጥሮ ያገሣል፣ ያለ ድምፅ። «አንበሳ!» ሲባል እጁን ያስራል፤ አለቀ። ሁልጊዜ በዓይን ከሚታየው መጀመር ነው እንጂ በተራ አይሄድም። «ነፃነት»፣ «ጽናት» የመሳሰሉ ቃላትን ብቻቸውን በወረቀት የሚጽፍ ሰው መጫወት ሳይሆን መበቀል ነው የፈለገው።

ተመልካቹ ላይ ያለውም ግዴታ ትንሽ አይደለም። ዝም ብሎ የሚያይ ቡድን ይሸነፋል፤ ተዋናዩ መንገዱን የሚያስተካክለው በሚሰማው ስህተት ነው። ሃያ የተሳሳተ ግምት ከአንድ ጥንቁቅ ዝምታ ይበልጣል።

የትኛው ማስመሰል?

ወደ ሁለተኛው ፍቺ ስንመጣ አማርኛ ቃል አይቸግረውም። የሚቸግረው ከብዙው መምረጥ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለውና።

«የይስሙላ» ለሥርዓትና ለወግ ነው፤ የይስሙላ ምርጫ፣ የይስሙላ ፍርድ፣ የይስሙላ ስብሰባ። ቅርጹ ተሟልቷል፣ ፊርማ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ውሳኔው ግን ቀድሞ ተወስኗል። ሻራድ ስለ መንግሥታዊ ነገር ሲነገር ከዚህ የተሻለ አቻ የለውም። ለትዳር ግን አይሄድም። «የይስሙላ ጋብቻ» ሲባል አንባቢው የሚያስበው ለወረቀት ሲባል የተፈጸመን ጋብቻ ነው፣ ፍቅሩ ያለቀበትን ቤት አይደለም።

«ለታይታ» ከ«ታየ» የወጣ ነው፤ ክብደቱ በሚታየው ድምቀት ላይ ነው። የሚያዩት ሰዎች መደነቅ አለባቸው። «እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» የሚባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነው። የሻራድ ሰዎች ግን ድምቀት አይፈልጉም፣ ጸጥታ ነው የሚፈልጉት።

«ግብዝነት» ወደ ውስጥ ይገባል፣ ነፍስን ይከሳል፤ ሃይማኖታዊ ሽታው አይለቀውም። «ከአንገት በላይ» ለሳቅና ለሰላምታ ያምራል። «እቃ እቃ» ደግሞ የልጆች ጨዋታ ሆኖ ሳለ ለአዋቂ ሲወርድ ስድብ ነው፤ ቁም ነገሩን እቃ እቃ አደረጉት ሲባል ማታለላቸው ሳይሆን ልጅነታቸው ነው የሚወቀሰው። «ድራማ» እና «ትያትር» ግርግር አለባቸው። አንድ ሰው ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ ሰፈሩን ካስነሣ በኋላ ኪሱ ውስጥ ቢገኝ ያ ድራማ ነው። «ማጭበርበር» ከሁሉ ይርቃል፤ የሚጭበረበረው ሰው አያውቅምና።

የሻራድ መለያው ይህ ነው፦ ተመልካቹ ያውቃል። ትርጉም የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የተታለለ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ነው። ካለ፣ ቃሉ ሻራድ ተብሎ ባይጻፍም ይሻል ነበር። ከሌለና ነገሩ መዋቅር ያለው ከሆነ የይስሙላ። ከሌለና ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል ከሆነ... እዚህ ላይ ነው አማርኛው የሚያቃስተው።

«እንቆቅልሽ»ስ? ብዙ መዝገበ ቃላት ለጨዋታው ፍቺ ወደዚህ ቃል ይሮጣሉ። ለጥንቱ የወረቀት ሻራድ አይከፋም። ለትወናው ግን አይሆንም፣ ለማስመሰሉማ ጭራሽ። በእንቆቅልሽ ጠያቂው ያልሆነውን አይሆንም፤ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ሲል ወንዙን በሌላ መንገድ ገለጸው እንጂ ወንዝ አልሆነም። «ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነብኝ» ስንልም ግራ ገባኝ ማለታችን ነው፣ አስመሰሉብኝ ማለት አይደለም። ደግሞ እንቆቅልሽ ሻራድ የሌለው አንድ ውብ ነገር አለው፦ መውጫ በር። ያላወቀ «አላወቅሁም» ይላል፣ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፣ ጎንደርን ወይ ጎጃምን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። አለማወቅ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ይከፈላል፣ ጨዋታው ይዘጋል። በይስሙላ ዓለም ሀገር የሚሰጥ የለም፤ የሚያውቀው ነው ያላወቀ መስሎ የሚቀመጠው።

አንዲት ት

«ያላወቀ መስሎ» የሚለው ሐረግ ነው መንገዱን የከፈተው።

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ማየት ነው፦

ሽፍታው ለማኝ መስሎ ገባ።
ዘበኛው ለማኝ መስሎት አስገባው።

የመጀመሪያው «መስሎ» አታላዩ ነው። ሁለተኛው «መስሎት» የተታለለው ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «ት» ናት። አንድ ግስ በአንድ በኩል ማስመሰል፣ በሌላ በኩል መገመት፤ ጨዋታውን የሚጫወተውም የሚገምተውም ከአንድ ሥር ነው የበቀሉት። በሌላ ቋንቋ መቶ ዓመት የፈጀው ጉዞ፣ ከግምት ወደ ማስመሰል፣ በአማርኛ ውስጥ ድሮውኑ ተጉዞ ያለቀ ነው። ፍለጋው በስሞች መካከል ስለነበረ እንጂ መልሱ ግስ ውስጥ ተቀምጧል።

«መሰለ» ምን ያህል እንደሚያርስ ለማየት አንድ ታማሚ በቂ ነው። «የታመመ ይመስላል» ንጹሕ ነገር ነው፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ ተናጋሪው ያየውን ተናገረ። «የታመመ ይመስለኛል» ግምት ነው፤ «ኝ» ስትጨመር ነገሩ ከታማሚው ፊት ወደ ተናጋሪው ራስ ተዛወረ። «የታመመ መስሎኝ» ደግሞ ግምቱ ከስሮ ነው፤ ይህን የሚል ሰው እውነቱን ደርሶበታል፣ ያፍራል ወይም ይስቃል። «የታመመ አስመሰለ» ሲባል «አስ» መጣች፣ ሰውየው ሆን ብሎ አደረገው። ይህች «አስ» ብቻዋን ክስ አይደለችም፤ ሠዓሊ «አስመስሎ ሣለው» ሲባል ይመሰገናል፣ ብር «አስመስሎ የተሠራ» ሲባል ግን ፖሊስ ይጠራል። ምስልም፣ አምሳያም፣ ምሳሌም ከዚሁ ቤት ናቸው። ለጨዋታው ወረቀት ላይ የሚጻፈው ተረትና ምሳሌ ሳይቀር።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ፍቺዎች ሰላምታ የተለዋወጡት። ጨዋታው፦ አንዱ ያስመስላል፣ ሌላው ይመስለዋል፣ «አንበሳ መሰለኝ!» ብሎ ይጮኻል። ማስመሰሉስ? አሁንም አንዱ ያስመስላል፤ ሌላው ግን ምንም አይመስለውም፣ ያውቃል። የመሰለው ይመስላል። ሁለት ፎቅ ያለው ማስመሰል ነው። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚለው ተረት ስለዚህኛው ሰው ነው የሚናገረው፣ ስለ ተመልካቹ። ስለ ሻራድ ስናወራ ዓይናችን ሁልጊዜ መድረኩ ላይ ነው፤ የደከመው ግን ወንበሩ ላይ ያለው ሊሆን ይችላል።

የአፍም ነገር እንዲሁ ይገለበጣል። በጨዋታው ተዋናዩ መናገር አይፈቀድለትም፣ ተመልካቹ ደግሞ ዝም ማለት አይፈቀድለትም። በይስሙላው ተዋናዩ ይናገራል፣ ይምላል፣ ይገዘታል፣ ንግግር ያነብባል፤ ዝም ማለት ያለበት ተመልካቹ ነው። ያወቀውን ጮክ ብሎ ከተናገረ ጨዋታው ፈረሰ። ሁለቱም የሚፈርሱት አንድ ሰው መልሱን በተናገረ ደቂቃ መሆኑ ግን ያው ነው፤ በአንደኛው ይጨበጨብለታል፣ በሌላኛው ከግብዣ ዝርዝር ይወጣል። ዝምታው ደግሞ ለዘለዓለም አይገዛም። «ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል» እንደሚባለው፣ የመሰለው መስሎ የኖረ ሰው ዳገት ሲመጣ ጉልበቱ ይከዳዋል። በፊልሙም ሚስቲቱ ጥያቄዋን ያነሣችው ዳገቱ ላይ ነው።

ወደ ሚስቲቱ

እንግዲህ ምን ትበል? የፊልም ጽሑፍ ቦታ የለውም፤ ሁለት መስመር ነው፣ ዓይን ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው የሚያገኘው። «ይህ የይስሙላ ኑሮ» ካልን ቀበሌ ቀበሌ ይሸታል። «ይህን ሻራድ» ብሎ እንዳለ መተው የሚመርጡም አሉ፤ አንባቢን እንቆቅልሽ መጠየቅ ነው፣ ሀገር ሳይቀበሉ።

ሙሉውን የሚይዘው ይህ ነበር፦ «አንተ ታስመስላለህ፤ እኔም የመሰለኝ እመስላለሁ። እስከ መቼ?» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምሮ 30 ቦታ ነው የሚይዘው፤ ለመስመሩ ይበቃል። ለመጽሐፍ ቢሆን አያመነታም። ለስክሪን ግን «የመሰለኝ እመስላለሁ» ላይ አንባቢው ይደናቀፋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያነብብ የባልየው ፊት ያልፈዋል፣ ትዕይንቱ ደግሞ የባልየው ፊት ነው።

አጭሩ «ማስመሰሉ አይበቃንም?» ነው። «አይበቃህም» ቢባል ጥፋቱ የእሱ ብቻ ይሆን ነበር፣ እሷ ዳኛ። «ን» ስትገባ እሷም ከወንበሯ ተነሥታ መድረኩ ላይ ወጣች።